ለቀብር ተደራጅተናል፤ ነፍስ ለማትረፍስ?



ሰው ሲሞት እኛን የሚያክል የለም። ወሬው በተሰማ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ይወጣል፣ ከፈኑ ይገዛል፣ አጣቢው ይጠራል፣ ጎረምሳው አካፋና ዶማ ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል። ማንም ማንንም አያዝም፤ ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ለዚህ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ተቋም አለን፦ ወሎ ላይ ቅሬ፣ ሐረር ላይ አፎቻ፣ በሌላው ከተማ እድር። ወንድሙን በክብር የሚሸኝ ማኅበረሰብ ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ጀናዛን መሸኘት ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነውና ይህን የሚያቃልል ሰው አይኖርም።

የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ሰው ከመሞቱ ከአንድ ሰዓት በፊት የት ነበርን?

እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ መቶ ሰው የሚያበላ ብረት ድስት አለው። እሳት ማጥፊያ አለው? ቃሬዛ አለን፤ ግን የሞተ ልንሸከምበት እንጂ የቆሰለ ልናነሳበት አስበን አናውቅም። በየቤቱ የሞት መዋጮ ደብተር አለ፤ የእሳት አደጋ መከላከያ ስልክ ቁጥር ግድግዳ ላይ የለጠፈ ቤት ግን ስንት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ቁጥሩ 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ እውነቱን ተናገር፤ አሁን ከማንበብህ በፊት ታውቀው ነበር?

ከዚያ በኋላ የምናደርገውን እናውቃለን። አደጋው በደረሰ ማግስት በየገጹ የተቃጠለ ቤት ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይከተላል፣ ከሥሩ ደግሞ የሚያለቅስ ምልክት በሺህ ይደረደራል። ገንዘብ ማዋጣቱ ኸይር ነው፤ አላህ ይቀበለን። ነገር ግን ከአመድ በኋላ ብቻ የሚነቃ ልግስና፣ ከእሳቱ በፊት በጥቂት ብር ሊደረግ ይችል ለነበረው ነገር ምን መልስ አለው?

ይህን ስንናገር ወዲያው የሚመጣ መልስ አለ። «ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው አይቀርም።»

አዎ፣ ቀደር ነው። በቀደር ያላመነ ሰው ኢማኑ ጎደሎ ነው። ይህ ቃል ግን ሁለት ቦታ ላይ ይነገራልና እንለየው። አደጋው ከደረሰ በኋላ ሲነገር የተሰበረ ልብ ይጠግናል፣ ሰብር ያስተምራል፤ ቦታው ይህ ነው። አደጋው ሳይደርስ ሲነገር ግን እጅ ያስራል። ደግሞም የሚናገረውን ሰው ልብ ብለን እንየው። ሱቁን በሦስት ቁልፍ ይቆልፋል፣ ዘበኛ ይቀጥራል፣ ሞተሩን በሰንሰለት ያስራል። ሽቦው የተላጠው ሶኬት ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ሲሆን «ተወከልቱ ዐለላህ» ይላል። ለንብረቱ ሰበብ ያደርሳል፣ ለልጆቹ ነፍስ ቀደርን ይጠቅሳል። ይህ ተወኩል አይደለም፤ ስንፍና የተወኩልን ጥምጣም ጠምጥሞ ነው። የግመሏን ሐዲስ፣ መጀመሪያ እሰራት ከዚያ ተወከል የሚለውን፣ ሁላችንም ሸምድደነዋል። ዳዕዋ ላይ እንጠቅሰዋለን፣ ፎቶ ላይ አሳምረን ጽፈን እንለጥፈዋለን። ግመሏ ግን እስካሁን አልታሰረችም።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የተባለ ቦታ ሲደርሱ እዚያ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ሰሓቦችን አማከሩና ሰዉን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ነው ወይ የምንሸሸው ብለው ጠየቁ። ዛሬ በየሰፈሩ የምንሰማው ጥያቄ እኮ ያኔም ተጠይቋል፤ የጠየቀውም ተራ ሰው አልነበረም። የዑመር መልስ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው የሚል ነበር። ምሳሌም ሰጡ፦ ግመሎችህን ይዘህ አንዱ ወገኑ የለመለመ፣ ሌላው ወገኑ የደረቀ ሸለቆ ብትደርስ፣ በለመለመውም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው፣ በደረቀውም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው። ታዲያ የቱን ትመርጣለህ? መምረጥህ ራሱ ከቀደር አይወጣም። ይህ ከተመለሰ 1400 ዓመት አለፈው። እኛ ዛሬም ጥያቄው ላይ ቆመናል።

ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የድርቁን ዘመን ከአላህ በተሰጣቸው ዕውቀት አስቀድመው አውቀውት ነበር። ነቢይ ናቸው፣ ዱዓቸው ይሰማል። ግን ለግብፅ ሰዎች የሰጡት የእርሻና የጎተራ እቅድ ነው፦ ሰባት ዓመት ዝሩ፣ ያጨዳችሁትን ከምትበሉት ጥቂት በቀር ከነዛላው አስቀምጡ። ከነዛላው የመባሉን ጥበብ ገበሬ አባቶቻችን ያውቁታል፤ ያልተወቃ እህል ከነቀዝ ይተርፋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከበኒ ነዲር ከተገኘው የተምር አትክልት ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ከሳቸው የበለጠ ተወኩል ያለው ሰው አለ?

እንዲያውም የሚገርመን ሌላ ነው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የቤት ውስጥ አደጋን በዝርዝር አስተምረውናል፤ እኛ ግን እንደ አዳብ ቆጥረነው አለፍነው። ስትተኙ በሩን ዝጉ፣ የውሃውን ስልቻ እሰሩ፣ ዕቃውን ክደኑ፣ መብራቱን አጥፉ ብለዋል። ለምን? አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን በባለቤቶቹ ላይ ልታቃጥል ትችላለች። መዲና ውስጥ አንድ ቤት በሌሊት ከነቤተሰቡ ተቃጥሎ ሲነገራቸውም እሳት ጠላታችሁ ነውና ስትተኙ አጥፉት አሉ። እስቲ እናስተውል። መላእክት የሚወርዱበት ከተማ ውስጥ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ፣ ስለ አይጥና ስለ ኩራዝ ክር ይናገራሉ! የዛሬዋ አይጥ ማን ናት? ሙቀት የያዘው ማከፋፈያ፣ ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ሥር ቻርጅ የሚደረግ ስልክ፣ ሳይዘጋ ያደረ የቡታጋዝ ሲሊንደር፣ መብራት ሲጠፋ በርቶ የተረሳ ሻማ። ሱናው መብራቱን ማጥፋት ብቻ አይደለም፤ ከመተኛት በፊት ተነስቶ ቤቱን መዞር ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው የደቻቱን አሸዋ ያውቃል። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ዝናቡ የጣለው በደጋው በኩል ነበር። ከተማው ተኝቷል። ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ደረቅ ወንዝ የሚያታልለው እንዲህ ነው፦ ዝናቡ አንተ ዘንድ ሳይዘንብ ውሃው አንተን ይፈልግሃል። አሁን የምንጠይቀው ነገር አለ። በእንዲህ ያለ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ አንድን ሰፈር በሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊቀሰቅስ የሚችል መሣሪያ በእጁ ያለው ማን ነው? ሙአዚኑ ነው። የአዛን ማይክ በየሰፈሩ ተሰቅሏል፣ ለሱብሕ በየቀኑ ያስነሳናል። በባትሪ እንዲሠራ አድርገን፣ ለጎርፍና ለእሳት በምን ቃል እንደሚጠራ ከጎረቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ጋር ተስማምተን ብናስቀምጠው ምን ያግደናል? ወጪው የአንድ ባትሪ ነው።

መርካቶን እንውሰድ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ሸማ ተራ ሲነድ ስንት የወንድሞቻችንና የእህቶቻችን የዕድሜ ልክ ልፋት አብሮ ነደደ። መንገዱ ጠባብና የተጨናነቀ መሆኑ ለእሳት አደጋ መኪኖች ፈተና ነበር። ያንን መንገድ ያጨናነቀው ማን ነው? ዕቃ ወደ ውጭ አውጥቶ የዘረጋ፣ ሸራ የወጠረ፣ መተላለፊያው ላይ ካርቶን የከመረ ነጋዴ ነው፤ ከነሱ ውስጥ ሱቁ ላይ አየተል ኩርሲ የሰቀለ ብዙ ሰው አለ። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን እናውቃለን። እንቅፋት ማስቀመጥስ?

ጎፋ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፤ መራራ ነው። ሐምሌ 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬቱ ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ነፍስ ለማዳን ሮጦ መጣ፣ በእጁም በዶማም ይቆፍር ጀመር። ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። ይህን የምናነሳው እነሱን ለመውቀስ አይደለም፤ የሠሩት የጀግና ሥራ ነው። ወጣቱ ግን ልብ ይበል፦ ወኔ ብቻውን አያድንም። የተናደ ቦታ ላይ መጀመሪያ ወደ ላይ ማየት፣ አንድ ሰው ቁልቁለቱን እንዲጠብቅ ማድረግ፣ ሰውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አለማስገባት የሚማሩት ነገር ነው። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሟች መሆን ነው፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ይጥፋ። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የወደቀን ሰው ለማውጣት ተከትሎ መውረድም እንዲሁ፤ አየሩ ነው የጣለው፣ አንተንም ይጥልሃል። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ከየመስጂዱ አምስት ወንድና አምስት ሴት ቢሰለጥኑ የሚቀርብን የአንድ ቅዳሜና እሁድ ጫወታ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡን ደግሞ አንረሳውም። በ2017 መጀመሪያ ወራት ከፈንታሌና ከዶፈን በኩል የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ከእንቅልፍ ሲያስነሳን ከረመ። ታህሳስ 26 ሌሊት የደረሰው 5.8 ገደማ ነበር። አዋሽና መተሐራ አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። «በኛ አገር ይህ ነገር የለም» የሚለውም ሰው ታሪክ አላነበበም። በ1953 ወሎና ሸዋ መገናኛ ላይ ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ስምጥ ሸለቆው ዛሬም እዚያው ነው።

በነዚያ ሌሊቶች የኛ ወጣት ምን ሠራ? ገሚሱ ዱዓ አደረገ፤ ደግ አደረገ። ገሚሱ ደግሞ ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል የሚል መልእክት ከቡድን ወደ ቡድን ሲያሻግር አደረ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንቲስት በዓለም ላይ የለም። ያልተጣራ ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ ተብሎ በቁርኣን የታዘዘ ሕዝብ ያልተጣራ ወሬ ሲያከፋፍል ማደር አሳፋሪ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ደንግጣ ደረጃ ላይ ብትወድቅ፣ ያንን መልእክት ያሻገረው ጣት ነገ አይጠየቅም? ከዚያ ይልቅ ሊተላለፍ የሚገባው ይህ ነበር፦ ንዝረቱ ሲጀምር ደረጃ ላይ አትሩጥ፣ ሊፍት አትግባ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግባ፣ ከሌለ ከመስታወትና ከቁም ሳጥን ራቅ ብለህ ጭንቅላትህን በክንድህ ሸፍነህ ዝቅ በል፤ ሲያቆም ጋዝና መብራት አጥፍተህ ውጣ፣ ከግንብና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ራቅ።

ሰው ሠራሹ አደጋ ከተፈጥሮው አይተናነስም። በ2014 መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲወድቁ ሕዝቡ በእግሩ ወጣ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። ትግራይ ውስጥ ከሰኔ 2013 በኋላ ባንክ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ፣ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ዳቦ መግዣ አጥቷል። ዛሬ የከተማ ወጣት ኪሱ ውስጥ አንድ ብር የለም፤ ሁሉም ነገር ስልኩ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ባለሚሊዮኑም ድሃ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት የሚሆን የቤት ወጪ በዝርዝር ብር ቤት ውስጥ ማኖር ሞኝነት አይደለም። የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር ፎቶ ኮፒ በፌስታል ተጠቅልሎ አንድ ቦታ ይቀመጥ። የአምስት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ስልካችን ባትሪው ሲያልቅ የእናታችንን ቁጥር እንኳ በቃላችን የማናውቅ ትውልድ ነን። ቤተሰቡ ቢበታተን የት እንደሚገናኝ ቀድሞ ይወሰን፤ ይህ ወጪው ዜሮ ነው።

«ይሄ የሀብታም ወሬ ነው» የሚለን አለ። ለሱ መልስ ከረመዳን በላይ ምን አለ? ረመዳን ሲቃረብ ከድሃ ቤት እንኳ ተምር ይገባል፣ ዱቄት ይፈጫል፣ ምስር ይለቀማል። መዘጋጀት እንችልበታለን፤ ያላሰብነው ለአደጋ መዘጋጀትን ነው። ምግቡን ደግሞ ከውጭ የታሸገ ነገር አስመጥተን አይደለም። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ትንሽ ስኳር ይበቃዋል። ቆሎ አለ፣ ጭኮ አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ተምር አለ። አያቶቻችን ለጉዞና ለክፉ ቀን የሠሯቸው ናቸው፤ እኛ ለመክሰስ አዋልናቸው። ውሃውም ቀላል ሒሳብ ነው፦ ስድስት ሰው፣ ለመጠጥ ብቻ በቀን ሦስት ሊትር፣ ለሦስት ቀን 54 ሊትር። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። በየወሩ እየገለበጡ ማደስ፣ ንጽሕናው ካጠራጠረ ማፍላት። ውዱእ ያሳሰበው ወንድም ካለ ደግሞ ፍቁሁ ሰፊ ነው፤ ያለው ውሃ ለመጠጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ተየሙም ተፈቅዷል። የልጅህን የመጠጥ ውሃ ለውዱእ አታፍስሰው።

እዚህ ላይ አንድ ድንበር እናስቀምጥ፣ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ገበያ የሚሮጥ ነጋዴ አይጠፋም። ለቤተሰብ ቀለብ ማስቀመጥ ሌላ፣ ዘይትና ስኳር መጋዘን ቆልፎ ዋጋ እስኪንር መጠበቅ ሌላ ነው። ሁለተኛው ኢሕቲካር ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኃጢአተኛ እንጂ ሌላ አያደርገውም ያሉት ሥራ ነው። አደጋ ሲወራ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ ራሱ ሰው ሠራሽ አደጋ ነው።

ወደ ቤታችን ውስጥ እንግባ፤ በጣም የሚያስቆጨን እዚህ ጋ ያለው ሞት ነው። ከሰል። በየክረምቱና በየብርዱ ወራት አንድ ቤተሰብ ማታ ተኝቶ ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሲገኝ እንሰማለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ሲግም «በቃ ሰክኗል» ተብሎ ወደ ክፍል ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። ሰው የሚፈራው የሚታየውን ጭስ ነው፤ የሚገድለው ግን ቀለምም ሽታም የለውም። የገመው ከሰል እስኪጠፋ ድረስ ይህን መርዘኛ አየር ያመነጫል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይጥላል፤ መነሳት አይቻልም። ወተት መጋት አያድነውም። በሩን መክፈት፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጥቶ ንጹሕ አየር መስጠት፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ማንም ሳያስበው ምድጃው ክፍሉ ውስጥ ያድራል። ወንድሜ፣ ተነስና አውጣው። እናትህ ብትቆጣህም አውጣው።

የረመዳን ሳምቡሳም አለ። ፈጥር ሊደርስ አስር ደቂቃ ሲቀር፣ ሁሉም በሚጣደፍበት ሰዓት፣ መጥበሻው ላይ ዘይቱ እሳት ይይዛል። የመጀመሪያው ሰው የሚያደርገው ነገር ውሃ መድፋት ነው፤ ውሃው የሚነድ ዘይት ላይ ሲያርፍ እሳቱ ጣሪያ ይነካል፣ ፊትና እጅ ይዞ ይሄዳል። ክዳን ነው የሚያጠፋው። ጋዙን መዝጋት፣ መጥበሻውን መክደን፣ አለማንቀሳቀስ፣ እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት። ይህችን አንዲት ነገር ለእህቶቹና ለእናቱ ያልነገረ ሰው ስለ ዓለም ፖለቲካ ባይነግረን እንወዳለን።

መስኮቶቻችንን ደግሞ እንይ። ሌባ ፈርተን ሁሉንም በብረት ፍርግርግ አጠርን፤ በሩን ከውስጥ ቆልፈን ቁልፉን አባወራው ኪስ ውስጥ አኖርነው። ሌሊት እሳት ቢነሳ ያ ቤት ወጥመድ ነው። ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉም በር አጠገብ ልጆች በሚያውቁት ቦታ ይንጠልጠል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደረጃው ላይ አሮጌ ፍራሽና ብስክሌት አይከምር፤ ያ ደረጃ የሃያ አባወራ ሕይወት ነው።

ወጣቱን ለይተን የምንናገረው አለ። ጀመዓ ላይ አንበሳ፣ ቤት ውስጥ እንግዳ የሆነ ወንድም በዝቷል። የቡታጋዙ ማጥፊያ ወዴት እንደሚዞር አያውቅም። የቆጣሪው ማብሪያ ማጥፊያ የት እንዳለ አያውቅም። አባቱ የሚወስደው የደም ግፊት መድኃኒት ስሙ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሸሽተው ቢወጡ ምን ይዞ ይወጣል? እናቶቻችን ይህን ሁሉ ተሸክመውታል፤ ሲደነግጡ ግን ማንበብና መደወል ያለብህ አንተ ነህ። ሁላችሁም እረኞች ናችሁ፣ ሁላችሁም ስለ መንጋችሁ ትጠየቃላችሁ የሚለውን መልእክት ለአስተዳዳሪዎች ብቻ እናደርገዋለን። «መንግሥት ምን ሠራ?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጎርፍ መውረጃ ላይ ቤት ሲሠራ ዝም ያለ ባለሥልጣን መጠየቅ አለበት። ግን የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ውስጥ መንግሥት አይደርስም። በዚያ ሰዓት ያለው ያንተ ቤተሰብና ጎረቤትህ ነው፤ ጎረቤትህ ደግሞ ማንም ይሁን ማን ሐቅ አለው።

በመጨረሻ መስጂዶቻችን። እዚህ ላይ ኮሚቴዎቻችን ቅር ቢላቸውም እንናገራለን። ለእብነ በረድና ለግዙፍ የጣሪያ መብራት ለዓመታት እናዋጣለን፤ መዋጮው መልካም ነው፣ የአላህ ቤት ማማር አለበት። ነገር ግን በጁሙዓ ቀን ሺህ ሰው የሚይዘው መስጂድ ስንት በር ይከፈትለታል? ሌሎቹ ተቆልፈው፣ የተከፈተው ደግሞ በጫማ ክምር ተዘግቶ አይደለም ወይ የምንሰግደው? የሴቶቹ ቦታ ደግሞ ይባስ። ብዙ ቦታ ፎቅ ላይ ነው፣ መውጫው አንድ ጠባብ ደረጃ ነው፣ በተራዊሕ ሌሊት እናቶች ከነሕፃናቱ እዚያ ታጭቀው ያድራሉ። አጭር ሽቦ ቢነድና ጭስ ቢሞላ ማን ያስወጣቸዋል? ነፍስ ለማትረፍ ሰላትን ማቋረጥ እንደሚፈቀድ፣ አንዳንዴም ግዴታ እንደሚሆን ዑለማዎቻችን በግልጽ አስተምረዋል፤ ሰው ግን በኹጥባ ሰምቶት ስለማያውቅ እሳት እያየ ሱጁድ ላይ የሚቆይ አይጠፋም። ኢማሞቻችን በአንድ ጁሙዓ ይህን ቢነግሩን ምን ያህል ነፍስ ያተርፋል።

ስለዚህ በመጪው ጁሙዓ፣ ሰላቱ እንዳለቀ፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ ወደ ኮሚቴው ሂዱ። በአዳብ፣ በሰላምታ ጀምሩ። እሳት ማጥፊያው የት ነው፣ የመሙያ ቀኑስ አልፏል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ማይኩ ያለ መብራት ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እድሩ ወይም ቅሬው ከሞት መዋጮው ላይ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ለሕያዋን የሚያወጣው ነገር እንዲኖር ሐሳብ አቅርቡ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ደረጃ ውጡና የኋለኛውን በር ግፉት። ካልተከፈተ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ሳታውቁ ወደ ቤታችሁ አትግቡ።